መሣሪያ የተመረጠልን ቀን

መጀመሪያ ስለ ድምፄ ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ የቀረው አይገባችሁም። እኔ የማወራው በአፍንጫዬ ነው። "ደ" ስል "ነ" ይሆንብኛል፣ "በ" ስል "መ" ይወጣል። ስሜ ደብሪቱ ነው፤ ስምሽ ማነው ስባል ግን የምመልሰው "ነምሪቱ" ነው። በልጅነቴ ሱቅ ሄጄ ዳቦ ለመግዛት "ናሞ ስጡኝ" ስል የሰሙ የሰፈር ልጆች ናሞ ብለው ጠሩኝ፤ ባለሱቁም ናሞ አለኝ፤ ኋላማ መምህሮቼም አንዳንዴ ያመልጣቸው ጀመር። ወረቀት ላይ ግን አፍንጫ የለም። መጻፍ የወደድኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጥያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር፣ እያነበብኩ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ነገር ሳበዛ ታገሡኝ። ማውራት እወዳለሁ፤ አፌ ስላልታዘዘልኝ ነው እጄ የሚለፈልፈው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው መተማ ዮሐንስ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ የትራክተር ሾፌር ነበር፤ አንድ ክረምት ለእርሻ ወደ አብደራፊ እንደሄደ በዚያው ቀረ። እናቴ ዘውዴ ደግሞ ከደጋ ለሰሊጥ አረም ወርዳ የቀረች ሴት ናት። መተዳደሪያዋ እንጥል መቁረጥ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ እንጥል ጉሮሯችን መግቢያ ላይ የተንጠለጠለችው ቁራጭ ሥጋ ናት። ሕፃን ሲያስለው ወይ ጡት እምቢ ሲል "እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ሳያንቀው ይቆረጥ" ይባላል። በእኛ ዘንድ እንጥሉ ያልተቆረጠ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። የእናቴ እጅ ደግሞ ስም ያወጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ደጃችን ላይ ይደረደራሉ፤ ከጋላባት ድልድዩን ተሻግረው የሚመጡ ሱዳናውያንም ነበሩባቸው። "የእትዬ ዘውዴ እጅ ቅቤ ነው፤ ልጁ ሳያለቅስ ያልቃል" ይሏታል። ውሸት ነው፤ ልጁ ያለቅሳል። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እግር የምይዘው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ምላጯን ስታጥብ ጠየቅኋት። "እማዬ፣ እኔ ለምን እንዲህ ሆንኩ?"

"ሲፈጥርሽ ነው" አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

አመንኩ። ከፈጣሪ ጋር ምን ክርክር አለ? ተውኩት።

በዚያው ክረምት መውጫ አንድ የጎንደር ባለሀብት ትልቅ የሰሊጥ መጋዘን አሠራ። ለምርቃቱ የማርሽ ባንድ አምሮት፣ ከሱዳን ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች በጭነት መኪና አስመጣ። በሰሊጥ ጆንያ ተጠቅልለው ሲራገፉ ከተማው ወጥቶ አየ። ከአንዱ ጆንያ ቀዳዳ የትራምፔት አፍ ብቅ ብሎ ፀሐይ ሲመታው ሳይ አለቀልኝ። ትራምፔት "ደ" በይ፣ "በ" በይ አይልም። እሱን ይዤ ከቆምኩ ከእኔ የሚወጣው ድምፅ የእሱ ነው፤ ማንም ናሞ ሊለኝ አይችልም። ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ከዚያ በኋላም።

ጓደኛዬ ሐያት ትባላለች። አባቷ መንገድ ዳር በጄሪካን ነዳጅ ይሸጣሉ። ሐያት ስትራመድ እንኳ የምትጨፍር ዓይነት ልጅ ናት፤ የእሷ ምኞት ትልቁ ከበሮ ነበር። ባንዱ ከከተማው ልጆች እንደሚቋቋምና መሣሪያ የሚመረጥበት ቀን መታወጁን ስንሰማ የአባቷን የናፍጣ መቅጃ ኢምቡቶ ይዛልኝ መጣች።

"ይኸውልሽ ትራምፔትሽ፤ ተለማመጂ" አለችኝ።

ነፋሁ። አየሩ በአፌ መሄዱን ትቶ በአፍንጫዬ ፍርር አለ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ሐያት መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የናፍጣው ሽታ ራሴን አዞረኝና አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ ነፋሁበት። ድምፅ ወጣ! ወፍራም የላም ድምፅ፣ ግን ድምፅ። ሐያት ሳቋን አቋረጠች።

"ሽታው ነው ለካ የከለከለሽ!" አለች። "ትራምፔቱ ናፍጣ ስለማይሸት ማሌሽ፤ ችግር የለም።"

ሁለታችንም ይኸንን አመንን። ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ ተለማመድኩ። የላሟ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየጠራ ሄደ። የመጨረሻው ቀን ላይ የሐያት አባት ከጄሪካኖቹ መሃል ቀና ብለው "ማነች እቴ እንዲህ የምታሳምረው?" አሉ። ያን ቃል ይዤ ነው የተኛሁት።

ምርጫው የተደረገው ገና ሰሊጥ ባልገባበት በአዲሱ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሙቀቱ የቆርቆሮ ምድጃ ነው። ወላጅ ቅጽ ላይ ካልፈረመ ልጅ አይመዘገብም ስለተባለ እናቶች በሰፊው በር ላይ ቆመዋል፤ እናቴ ባዶ ጆንያ አጣጥፋ ተቀምጣለች። መሣሪያዎቹ በሸራ ላይ ተደርድረዋል። አሠልጣኛችን በአንድ የወታደር ባንድ ውስጥ ያገለገለ አሥር አለቃ ፈንታ የሚባል ሰው ነው። በአንቱታ ልጽፍለት ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።

"የምትወዱትን መሣሪያ አስባችሁ መጥታችኋል አይደል?" አለን።

"አዎ!" አልን በአንድ ድምፅ።

"እርሱት። እዚህ የሚመርጠው አፋችሁ ነው እንጂ ልባችሁ አይደለም።"

እንደ ከብት ነጋዴ ነበር የሚያየን። ከንፈር በአውራ ጣቱ እየገለበጠ ጥርስ ያያል፣ ጣት ይለካል፣ ክንድ ይጨብጣል። ዳኘው የሚባለውን የክፍላችንን ልጅ ከንፈሩን ሳብ አድርጎ "ይኼ ከንፈር ለትሮምቦን ነው የተሰፋው፤ እናትህ አስባበት ነው የወለደችህ" አለው። የፊት ጥርሷ የወለቀውን ልጅ "በዚህ በር ንፋስ ያመልጣል" ብሎ ወደሚጋጩት የነሐስ ሳህኖች፣ ወደ ሲምባል ላካት። አንዷን ጣቶቿን አይቶ "በእነዚህ እንኳን ክላርኔት ማንኪያም አትይዢ" ሲላት አለቀሰች። እኛ ሳቅን። አዎ፣ እኔም ሳቅሁ። ተራዬ እስኪደርስ ጥሩ ሳቂ ነበርኩ።

ሐያት ደረሰች። "ጥርስሽ ቀጥ ያለ ነው። ክላርኔት።"

"አሥር አለቃ፣ እኔ ከበሮ ነበር…"

"ክላርኔት ብያለሁ። ከበሮ ለማንም ይሆናል።"

ተራዬ ሆነ። መንፊያውን፣ የትራምፔቱን ትንሽ ጫፍ ማለቴ ነው፣ ነቅሎ ሰጠኝ። "ከንፈርሽ ደህና ነው። ንፊ።"

ቀኜ መንፊያውን ሲይዝ ግራዬ ሳላዝዘው ሄዶ አፍንጫዬን ያዘ። ነፋሁ። አንባቢዎቼ፣ ያን ድምፅ ብትሰሙት! ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቆርቆሮውን መታና ተመለሰ። አሥር አለቃ አንገቱን አዘነበለ።

"ድገሚው።"

ደገምኩ።

"ከሁሉም የተሻለ ነው" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር። ደረቴ ሲሰፋ ተሰማኝ። ከዚያ "አሁን እጅሽን ከአፍንጫሽ አውርጂ" አለኝ።

ናፍጣ አይሸትም አልኩ በልቤ። አወረድኩ። ነፋሁ። አየሩ ሁሉ በአፍንጫዬ ወጣ፤ ከአየሩ ጋር የወጣው ደግሞ የአሥር አለቃ እጅጌ ላይ አረፈ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እሱ አልሳቀም። እጅጌውን አየው፤ ትከሻዬ ላይ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠረገው።

"በእጅሽ" አለኝ። አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ፤ ጠራ ያለ ድምፅ። "ያለ እጅሽ።" ፍርር። "በእጅሽ። ያለ እጅሽ። በእጅሽ!" እንደ ቧንቧ ከፈተኝ ዘጋኝ። ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ከእሱ ቀድሞ "ያለ እጅሽ!" ይላል። የሚገርማችሁ እኔም አብሬ ፈገግ ብያለሁ። ሰው ሲስቅብህ አብረህ ካልሳቅህ የምትሠራው ነገር የለህማ። በመሃል ወደ በሩ አየሁ። እናቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። እናቴ ግን አትስቅም፤ አታይምም። የተቀመጠችበትን ጆንያ ክር ትመዝዛለች።

"አሥር አለቃ" አልኩት። "አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ ብነፋስ?" በእኔ አንደበት እንዴት እንደወጣ እናንተው ገምቱት።

"ምን አለች?" አለ ወደ ልጆቹ ዞሮ።

ዳኘው ተረጎመለት። አሥር አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"ባለሀብቱ የጠሩን ሰሊጥ መጋዘን ልናስመርቅ ነው እንጂ ልብስ ልናሰጣ አይደለም። ክቡር እንግዳ ፊት መቆንጠጫ የነከሰ አፍንጫ ላቁም?"

እስካሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ይቻል ነበር እኮ። ኋላ በጽሑፍ እንዳነበብኩት እኔን የመሰሉ ሰዎች አፍንጫቸውን በመያዣ ቆንጥጠው ይነፋሉ። ግን አያምርም ተባለና ቀረ።

መንፊያውን ከእጄ ወሰደ። ያን ጊዜ ቢያባርረኝ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ግን የስልኩን ባትሪ አበራና "አፍሽን ክፈቺ፤ አሃ በይ" አለኝ። ከፈትኩ። አገጬን ይዞ ወደ ብርሃኑ መለሰኝ። ቆየ። ፊቱ ተለወጠ።

"ይኼ ከተፈጥሮ አይደለም" አለ። "አፍና አፍንጫን የሚለየው መጋረጃ ተቆርጧል። እንጥል ሲቆርጡ ጣሪያውን አብረው አርሰውታል።"

ልጆች አይገባቸውም እንዳትሉ፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ለመገንዘብ ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። በከተማው እንጥል የምትቆርጠው አንዲት ሴት ናት። የእሷን ልጅ ሌላ ሰው አይቆርጣትም። ሲፈጥርሽ ነው ያለችኝ ደግሞ እሷው ናት።

አሥር አለቃ ግን ገና አልጨረሰም። "ኑ፣ ተሰልፋችሁ እዩ" አላቸው። "ጥሩ ነፊ እንዴት እንደሚገደል እዩ። ልጅ ስትወልዱ ትማሩበታላችሁ።" አገጬን እንደያዘ፣ ስልኩን እንዳበራ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ አፌ ውስጥ አዩ። አንዱ "ውይ!" ይላል፤ አንዱ ያስመልሰዋል። ዳኘው መጣ፤ አየ፤ አልሳቀም፤ ዐይኑን ሰብሮ ሄደ። መንጋጋዬ ደነዘዘ፤ ምራቄ በአገጬ ወረደ። ሐያት ደረሰች።

"አላይም" አለች።

"እዪ ተብለሻል።"

"ወላሂ አላይም። ላም አይደለችም።"

"እንግዲያው ክላርኔቱን አስቀምጪና ውጪ።"

ሐያት ክላርኔቱን ሸራው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። ወጣች። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነኝ። መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም፤ ከዘጋሁ የሚያባርረኝ መሰለኝ።

ከዚያ "እንጥላችሁ የተቆረጠ እጅ አውጡ" አለ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አወጡ። እየዞረ አየላቸው። "ንጹህ። ይኼም ንጹህ። ይኼ የዐዋቂ እጅ ነው፤ ጣሪያውን አልነካም። ማን ቆረጣችሁ?"

ሁሉም ያውቃል እኮ! እናቶቹ በሩ ላይ ናቸው፣ እናቴ መሃላቸው ናት። ዕድሜ ልኬን ናሞ ሲሉኝ የኖሩ ልጆች በዚያች ሰዓት መሬት መሬት አዩ። ማንም ስሟን አልጠራም።

አሥር አለቃ ወደ እኔ ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አባት ማለት ነው፣ "ስሚኝ" አለኝ። "ድርጊቱ የተከለከለ ነው፤ ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ አለብኝ። አንቺን የቆረጠሽን ሰው ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ከባንዱ አላስወጣሽም። ያቺ ልጅ የፈለገችው ከበሮ አለ። ከበሮ ትንፋሽ አይጠይቅም። ዝም ካልሽ ግን ጓደኛሽን ተከትለሽ ሂጂ።"

ወደ በሩ አየሁ። እናቴ ጆንያውን ትታ ቆማ ነበር። ዐይን ለዐይን ተያየን። ራሷን አልነቀነቀችም፣ እጇን አላወዛወዘችም፣ ምንም አላለችኝም። አንድ ምልክት ብትሰጠኝ ኖሮ ብዬ ስንት ዓመት አሰብኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምልክት ብትሰጠኝም እናገር ነበር። ተናድጄ ነበር። ከንዴቱ በላይ ደግሞ ከበሮውን ፈልጌ ነበር። ባዶ እጄን ከዚያ በር መውጣት አልቻልኩም።

"እናቴ ናት" አልኩ።

ሁለት ቃል ነው። በአፍንጫዬ ያልተበላሸ፣ ማንም መተርጎም ያላስፈለገው ንግግር ነበር። ሁሉም ሰማ።

እናቶቹ ከእናቴ ፈቀቅ አሉ። የአንድ እርምጃ ያህል ነው፤ ግን አየሁት። እናቴ በመሃላቸው አልፋ ገባች። አሥር አለቃ ፊት ቆመች።

"ብርሃኑን ያውሱኝ" አለችው።

"ምን ልታደርጊ?"

"ያውሱኝ ጌታዬ።"

ሰጣት። አገጬን ያዘች። የዚያን ሁሉ ሕፃን አገጭ የያዘችበትን አያያዝ አውቀዋለሁ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ ለስላሳ ነው። ከፈትኩላት። አየች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አይታው አታውቅም ነበር፤ ያን ያወቅሁት ከፊቷ ነው።

"ዝጊው" አለችኝ። ስልኩን መለሰች። ከዚያ ለእሱም ለእናቶቹም ሳይሆን ለእኔ ብቻ ተናገረች።

"የሰው ልጅ ሲሆን እጄ አይንቀጠቀጥም። ያንቺ ተራ ሲደርስ ዐይኔን ጨፈንኩ።"

"ለምን ሌላ ሰው አልቆረጠኝም?"

"ማንን ልመን? ከእኔ የተሻለ እጅ አልነበረማ።"

አሥር አለቃ ቅጹን ዘረጋላት። "ጥሩ። ቅጹ ላይ ይፈርሙ፤ ልጅዎ ከበሮ ተመድባለች" አለ። አሁን "እርስዎ" ማለት ጀምሮ ነበር። እናቴ መጻፍ አትችልም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፤ ቅጹ ላይ ጫነች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያና ከፖሊስ ሰዎች መጥተው ምላጮቿን በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱ፤ እሷንም አብረው። ሦስት ቀን አሰሯት። ልምምዳችን ደግሞ የተጀመረው በእነዚያው ሦስት ቀናት ነው። ምግብ ማን ወሰደላት አትሉኝም? ሐያት። እኔ ልምምድ ነበረኝ። ሐያት ሳህኑን በፌስታል ቋጥራ በባጃጅ እየሄደች፣ ተመልሳ በመጋዘኑ በር ስታልፍ ከበሮዬን ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ቆም ብላ "ሰሌን ላይ ነው የምትተኛው፤ ደህና ናት፤ ጨው አነሰው ብላለች" አለችኝ። "ከበሮውን ደግሞ በጣም አትደብድቢው፤ ወደ ዳሩ ሲመታ ነው የሚያምር" ብላ ሄደች። ልክ ነበረች።

እናቴ ዳግመኛ እንዳትቆርጥ አስፈርመው ለቀቋት። እንዳትቆርጥ መከልከሏ ትክክል ነው፤ ስንት ሕፃን ከዚያ ምላጭ ተርፏል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ጎረቤት ምን አደረገ መሰላችሁ? ግማሹ "የገዛ ልጇን ያበላሸች" ብሎ ሸሻት። ግማሹ "እናቷን ለከበሮ ያሳሰረች" ብሎ እኔን ሸሸኝ። ደጃችን ላይ ሕፃን ይዘው ለተራ ይጣሉ የነበሩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኟት ሕፃን ያዘሉበትን ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ያልፋሉ። ቤት ውስጥ ግን እንደ ድሮው ነበርን። ሽሮዋን ትሠራለች፣ "ብዪ እንጂ" ትለኛለች፣ እበላለሁ። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅሁ። አንዳንዴ ብትገርፈኝ ብዬ እመኝ ነበር።

በኅዳር ሰሊጥ መግባት ጀመረ። መጋዘኑ አበጣሪ ሴቶች ፈለገ። እናቴ ሥራ የሚሰጣት ሌላ ቦታ አልነበረምና እዚያ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ አቧራ ውስጥ ወንፊት ስትነቀንቅ ትውላለች። ከሰሊጥ መጥታ ወደ ሰሊጥ ተመለሰች።

የምርቃቱ ቀን ሰማያዊ ልብስ፣ ነጭ ጓንት ተሰጠን። ከበሮው ደረቴን አልፎ አገጬ ይደርሳል። አሥር አለቃ ከመነሳታችን በፊት መጥቶ "የሰልፉ እግር አንቺ ነሽ" አለኝ። "አንቺ ከቆምሽ ሁሉም ይቆማል። ምንም ብታዪ እንዳታቋርጪ።"

በዋናው መንገድ ጀመርን። ባለ ጀለቢያ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ የቀን ሠራተኞች ግራና ቀኝ ቆመዋል። የዳኘው ትሮምቦን ያንጎራጉራል፤ ሦስቱ ትራምፔቶች ፊት ፊት ይሄዳሉ። አንዱ ሁልጊዜ አንዲት ድምፅ ላይ ይሰነጠቃል። እኔ ብነፋው ኖሮ እንደማልሰነጥቀው አውቅ ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሰዉ ሲያጨበጭብ ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ።

መጋዘኑ በር ስንደርስ አበጣሪዎቹን በሁለት ረድፍ አቁመዋቸዋል። እንግዶቹ ሲገቡ አጨብጭቡ ተብለው ታዘዋል። እናቴ በስተቀኝ ሦስተኛ ናት። ቅንድቧ ላይ አቧራ ተጋግሯል። ሌሎቹ ሴቶች ዝም ብለው ያጨበጭባሉ። እሷ ግን በከበሮዬ ልክ ታጨበጭብ ነበር። አንድ ስመታ አንድ፣ አንድ ስመታ አንድ። ስቀርባት ዐይኗን አንስታ አየችኝ።

ማቆም እችል ነበር። ዱላውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሰልፉ ይቆማል፣ አሥር አለቃ ይጮሃል፣ ባለሀብቱ ይቆጣል፣ ነገ ከባንዱ እባረራለሁ፤ አበቃ። አጠገቧ ስደርስ ይኼ ሁሉ በአእምሮዬ አለፈ። ዱላውን አነሳሁና ከቀድሞው የበለጠ አጥብቄ መታሁ፤ ጭብጨባዋ እንዳይሰማኝ። አለፍኳት።

አንባቢዎቼ፣ ያ ባንድ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም፤ አሥር አለቃ ወደ አገሩ ገባ፣ መሣሪያዎቹም የት እንደደረሱ አላውቅም። ከእኔ ጋር የቀረው ሌላ ነገር ነው። እሱን በቀላሉ ልወቅሰው እችል ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ወቀስኩት። አሁን ሳስበው ግን እሱ ያደረገው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሐያትም ተጠይቃ ነበር። ልዩነታችን እዚያ ላይ ነው። እሷ ለእኔ ስትል ክላርኔት አስቀመጠች፤ እኔ ለራሴ ስል የእሷን ከበሮ አነሳሁ። እውነት ተናገርኩ፣ ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቷንም ለጤና ጣቢያ፣ ለሕፃናቱ ስል ብናገራት ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ እጽፈው ነበር። እኔ ግን የሸጥኳት ለከበሮ ነው። ልጅ ነበርሽ የሚሉኝ አሉ። ልጅ መሆኔን እኔም አውቃለሁ። እናንተ ደግሞ ልጆቻችሁን ለመምረጫ ሰልፍ ስትልኩ፣ ለሙዚቃም ይሁን ለሌላ፣ ምን እንዳገኙ ብቻ ሳይሆን ለማግኘት ምን እንደተጠየቁ ጠይቋቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሐያት ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ አሁንም ጓደኛዬ ናት፤ ከበሮውን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እናቴ አብራኝ ትኖራለች። አርጅታለች፤ ከልጆቼ ጋር ትጫወታለች። ይቅር ብላኝ እንደሆን የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ አላውቅም። የማውቀው ይኸን ነው፦ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ወሬው ደምቆ፣ እኔ እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ ስስቅ፣ የእናቴ ዐይን ሳታስበው ጉሮሮዬ ላይ ይሄዳል። እዚያው ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ እሷ ባለችበት ቤት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው የምስቀው። ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።